አንድ ሻንጣ ለባሌም ለጄኔቭም

ማታ ማታ፣ የአውሮፓና የአሜሪካ በረራዎች መነሻ ሰዓት ሲቃረብ፣ ቦሌ አየር ማረፊያ ሚዛኑ አጠገብ ለጥቂት ደቂቃ የቆመ ሰው አንድ ትዕይንት አያመልጠውም። ሻንጣው ሚዛን ላይ ይወጣል፤ ቁጥሩ 23ን አልፎ 27 ላይ ይቆማል። ተጓዡ ሻንጣውን ወለል ላይ አጋድሞ ይከፍተዋል። ከላይ ጂንስ ሱሪዎች፣ ከነካርቶናቸው የገቡ ጫማዎች፣ “ምናልባት ቢያስፈልግ” የተባለ ወፍራም ሹራብ ይታያሉ። ከሥር በርበሬው፣ ሽሮው፣ በሶውና ድርቆሹ ተደርድሯል። ወረፋው ከኋላ እየገፋ ነው። ታዲያ ብዙ ጊዜ ከሻንጣው የሚወጣው የቱ ነው? በርበሬው። ጫማው ገንዘብ የወጣበት ነውና ይጓዛል፤ እናት ቀጥፋ፣ አስጥታ፣ ደልዛ፣ አስፈጭታ የላከችው በርበሬ ግን ውጪ ወደቆሙት ሸኚዎች ይመለሳል።

ነገሩ የበርበሬ ይምሰል እንጂ የልብስ ጉዳይ ነው። ከአዲስ አበባ የሚነሳ መንገደኛ ሻንጣው የእሱ ብቻ አይደለም። ሲሄድ የሚልኩ አሉ፤ ሲመለስ የሚጠብቁ አሉ። ልብሱ የሚወስደው እያንዳንዱ ኪሎ ከሌላ ሰው ድርሻ ላይ የሚቀነስ ነው። “ምን ልያዝ?” የሚለው ጥያቄ እኛ ዘንድ ከማማር ይልቅ ወደ ሒሳብ የሚያደላውም ለዚህ ነው።

የዛሬው ባለሙያ ኑሮው ግማሹ መንገድ ላይ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በዚህ ወር ሐዋሳ ወርክሾፕ፣ በሚቀጥለው ጋምቤላ ወይም ጎዴ ፊልድ፣ ከዚያ ናይሮቢ ሥልጠና፣ ዕድል ከቀናው ደግሞ ጄኔቭ ስብሰባ። ለየመንገዱ አዲስ ልብስ የሚገዛና ሻንጣውን እንደ አዲስ የሚያዘጋጅ ብዙ ነው። እኔም ለዓመታት እንዲያ ነበርኩ። አሁን ግን ለሁሉም የምይዘው ልብስ ከሞላ ጎደል አንድ ነው፤ ክብደቱም ከ8 ኪሎ አያልፍም። ይህ እንዴት እንደሚሆን ለማስረዳት ከመነሻው፣ የምንለብሰው ለምን እንደሆነ ከማየት መጀመር ይሻላል።

ለአገር ስም አይለበስም

ብዙዎቻችን ሻንጣ የምናዘጋጀው ለቦታው ስም ነው። “አፍሪካ” ሲባል ሙቀት፣ “አውሮፓ” ሲባል ብርድ፣ “ዱባይ” ሲባል እሳት። አንድ የሥራ ባልደረባዬ በሐምሌ ወር ወደ ጆሃንስበርግ ሲሄድ እጅጌ ጉርድ ሸሚዞችን ብቻ ይዞ ሄደ። ጆሃንስበርግ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ሐምሌ ደግሞ በደቡቡ ንፍቀ ክበብ የክረምቱ እምብርት ነው። ሌሊቱ ወደ ዜሮ ዲግሪ ይወርዳል። ሰውዬው አምስቱን ቀን የሆቴሉን ብርድ ልብስ ተከናንቦ ሪፖርቱን ጻፈ። ናይሮቢም ብትሆን በዚያው ወር ካፖርት የሚለበስባት ከተማ ናት።

ሰውነታችን የአገር ስም አያውቅም። የሚያውቀው ሦስት ነገር ነው፤ ከፍታን፣ ሰዓትንና ያለበትን ቤት።

ከፍታን እንውሰድ። በአማካይ አንድ ሺህ ሜትር በወጣን ቁጥር ሙቀቱ ወደ 6.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀንሳል፤ በወረድን ቁጥር ያንኑ ያህል ይጨምራል። አዲስ አበባ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ጋምቤላ ደግሞ 500 ሜትር አካባቢ። ልዩነቱ 1,800 ሜትር ነው፤ በዚህ ሒሳብ ከ11 እስከ 12 ዲግሪ የሚደርስ ሙቀት ይጨምራል ማለት ነው። ሰመራም ከዚህ አትርቅም። ዳሎል ከባሕር ጠለል ከመቶ ሜትር በላይ ዝቅ ብላ የምትገኝ ስትሆን፣ በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በተያዘው መዝገብ የዓመቱ አማካይ ሙቀት ከ34 ዲግሪ በላይ ነበር። በሌላው ጫፍ ባሌ ውስጥ የቱሉ ዲምቱ ተራራ 4,377 ሜትር ይደርሳል። ይህ ሁሉ በአንድ አገር ውስጥ ነው። ከአዲስ አበባ ሳንወጣ በስልካችን የምናየው የአየር ትንበያ ካልረዳን፣ የምንሄድበትን ከተማ ከፍታ ማወቅ ብቻውን ብዙ ይነግረናል።

ነገሩን በደንብ ያስተማረኝ ከጎባ ወደ ደሎ መና የሚወስደው መንገድ ነው። በታኅሣሥ ወር ከጎባ ጎህ ሲቀድ ተነሳን። የሰነቴ አምባ ላይ ስንደርስ፣ ከ4,000 ሜትር በላይ መሆኑ ነው፣ ሣሩ በውርጭ ነጭ ሆኖ ነበር፤ ከመኪና ወርዶ ቀይ ቀበሮ ለማየት የፈለገ ሁሉ ያለውን ልብስ ደርቦ ነው። ከዚያ መንገዱ በሐረና ጫካ ውስጥ ቁልቁል ይወርዳል። አንድ ሹራብ ወለቀ፤ ጫካው መሐል ጃኬት ወለቀ፤ ደሎ መና ምሳ ላይ ስንቀመጥ እኔ በካናቴራ ነበርኩ። አብሮን የነበረው ሰው ግን በውስጥ አንድ እጅግ ወፍራም ሹራብ፣ ከላይ አንድ ቀጭን ሸሚዝ ነበር የለበሰው። ሹራቡን ለማውለቅ የግድ ክፍል መያዝ ነበረበት። ሁለታችንም የያዝነው የልብስ ክብደት ተመሳሳይ ነው፤ ልዩነቱ አከፋፈሉ ላይ ነበር።

ሰዓቱም እንደዚሁ። አገራችን ወደ ምድር ወገብ ስለምትቀርብ በወራት መካከል ያለው የሙቀት ልዩነት ከቀንና ሌሊቱ ልዩነት ያንሳል። አዲስ አበቤ ብርድን ከክረምት ጋር አያይዞ ያስባል፤ ነገር ግን በከተማችን እጅግ የሚቀዘቅዙት ሌሊቶች የኅዳርና የታኅሣሥ ናቸው። በክረምት ደመናው ምድሪቱ ቀን የሰበሰበችውን ሙቀት እንደ ብርድ ልብስ ይይዘዋል። በበጋ ሰማዩ ጥርት ሲል ሙቀቱ ሽቅብ ይበናል። ስለዚህ በኅዳር ደብረ ብርሃን ሄዶ ቀትር ላይ ፀሐይ ስላቃጠለው “ሹራቡን በከንቱ ያዝኩት” ያለ ሰው ከምሽቱ አንድ ሰዓት በኋላ ሐሳቡን ይለውጣል።

ሦስተኛው ቤቱ ነው፤ ይህኛው ብዙዎችን ያታልላል። ዱባይ በበጋው ውጪው ከ40 ዲግሪ በላይ ነው፤ ነገር ግን ለስብሰባ የሄደ ሰው ውጪ የሚቆየው ከመኪና እስከ በር ነው። ቀኑን ሙሉ የሚውለው አየር ማቀዝቀዣው በሚያንዘፈዝፈው አዳራሽ ውስጥ ነው። ሹራብ የሚያስፈልገው ዱባይ ነው ብል የሄደበት ሰው አይስቅብኝም። አውሮፓ በጥር ደግሞ ተቃራኒው ነው። ውጪው ዜሮ፣ ውስጡ ከ20 ዲግሪ በላይ። ወፍራም ሹራብ ለብሶ ስብሰባ የገባ ሰው በግማሽ ሰዓት ውስጥ ያልበዋል። የእኛ ከተሞች ሆቴሎች ማሞቂያ ስለሌላቸው ውስጡም ውጪውም አንድ ነው፤ አንዳንዴም ውስጡ ይብሳል።

ጋቢ የሚያስተምረን

ከላይ ያለው ሁሉ ወደ አንድ ነገር ይወስደናል፤ ከአንድ ወፍራም ይልቅ ሦስት ቀጫጭን። ይህን ለመማር የፈረንጅ የጉዞ መጽሔት ማገላበጥ አላስፈለገንም፤ ጋቢ ቤታችን አለ። ጋቢ አራት ድርብ ነው። የሚያሞቀን ፈትሉ ብቻ ሳይሆን በድርቦቹ መካከል የሚታሰረው አየር ነው። ሲሞቀን ከትከሻችን እናወርደዋለን፤ ሲበርደን እንከናነበዋለን። በሻንጣችንም ውስጥ መፈለግ ያለብን ይኸው አሠራር ነው። ከሥጋ ጋር የሚነካ ቀጭን፣ መሐል ላይ አየር የሚይዝ፣ ከላይ ንፋስና ዝናብ የሚመልስ። ሦስቱም እርስ በርስ የሚደረቡ፣ ሦስቱም ለየብቻቸው ሲለበሱ የማያሳፍሩ መሆን አለባቸው።

የጨርቁ ዓይነት ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ሰው ቀለምና ዋጋ አይቶ የሚያልፈው ነገር ነውና። ጥጥ ለቆላ የሚመች ነው። ላብ ይጠጣል፣ ያነፍሳል። ችግሩ ከራሰ በኋላ ነው፤ ውኃውን ይዞ ይቀራል፣ ሙቀት መያዙን ያቆማል፣ ለመድረቅም ይዘገያል። ስለዚህ ዝናብ ባለበት ደጋ ውስጥ ጥጥ ብቻውን አያዋጣም። የበግ ፀጉር ግን የክብደቱን 30 በመቶ ያህል እርጥበት ይዞ እንኳ ሙቀቱን አይተውም፤ ሽታም ቶሎ አይዝም። የመንዝ ሰው በርኖስ የለበሰው ያለ ምክንያት አይደለም። በርኖስ ይዞ ጄኔቭ መሄድ ይከብድ ይሆናል እንጂ ቀጭን የሱፍ ሹራብ ያንኑ ሥራ በ300 ግራም ይሠራል። ፖሊስተር ቶሎ ይደርቃል፣ አይጨማደድም፤ ሙቀት ላይ ግን ያፍናል፣ ሽታውም መጥፎ ነው። ለሱሪና ለኮት ሱፍና ፖሊስተር የተቀላቀለበት ጨርቅ ይስማማኛል።

ጂንስ ግን አልወድም፤ በዚህ ከብዙ ወዳጆቼ ጋር አንስማማም። አንዱ ጂንስ ከግማሽ ኪሎ በላይ ይመዝናል፤ ከራሰ አንድ ቀን አይበቃውም፤ ለቆላ ይሞቃል፣ ለደጋ አያሞቅም፤ ሚኒስቴር መሥሪያ ቤት ሲገባም ያሳቅቃል። ከያዙት ለብሰውት ይጓዙ፤ ሁለተኛውን ቤት ይተዉት።

እነዚህን ልብሶች ለማግኘት የግድ ውጪ አገር መግዛት አያስፈልግም። ሰልባጅ የማይንቅ ሰው መርካቶ ውስጥ ንጹሕ የሱፍ ሹራብ በርካሽ ያገኛል፤ አንገቱ ላይ ያለችውን ጽሑፍ ማንበብ ነው ቁም ነገሩ። ጽሑፉ ከተቀደደ ደግሞ ጨርቁን በመዳፍ ጨብጦ እስከ ሃያ ቆጥሮ መልቀቅ ነው። የተጨማደደው ወዲያው ካልተዘረጋ ሻንጣ ውስጥም አይዘረጋም። ሰፈር ያለ ልብስ ሰፊ ደግሞ ፋብሪካ የማይሠራውን ይሠራል። ኮቴ ላይ በውስጥ በኩል ዚፕ ያለው ኪስ ያስገባሁት በሰፈሬ ልብስ ሰፊ ነው፤ ፓስፖርቴና ገንዘቤ ከዚያ ወጥተው አያውቁም። ሴቶች የቀሚስ ኪስ ከፋብሪካ አይታደላቸውምና ይህ ምክር ከእኔ ይልቅ ለእነሱ ይበጃል።

ሻንጣው ሲከፈት

አሁን የምይዘውን ልዘርዝር። ለብሼ የምወጣው ጥቁር ሰማያዊ ኮት፣ ሱሪ፣ ሸሚዝና ጥቁር የቆዳ ጫማ ነው። ሻንጣው ውስጥ አንድ ተጨማሪ ግራጫ ሱሪ፣ ሦስት ሸሚዝ፣ ሁለት ካናቴራ፣ አንድ ቀጭን የሱፍ ሹራብ፣ ተጠቅልላ በመዳፍ የምትያዝ የዝናብ ጃኬት፣ አምስት የውስጥ ልብስ፣ አራት ካልሲ፣ አንድ ከረባትና ነጠላ ጫማ አለ። ወደ ብርድ አገር ከሆነ ካፖርት እጨምራለሁ፤ እሱንም በክንዴ ነው የምይዘው። ካፖርት ሻንጣ ውስጥ ያስገባ ሰው የሻንጣውን ሲሶ ሰጠ ማለት ነው።

ምስጢሩ ያለው ቀለሙ ላይ ነው። ሁለቱ ሱሪዎች ከአራቱም ሸሚዞች ጋር ይሄዳሉ፤ ያ ብቻውን ስምንት ዓይነት አለባበስ ነው። ሹራብ ሲደረብ ወይም ኮት ሲወልቅ ደግሞ ሌላ ይሆናል። ከአንድ ልብስ ጋር ብቻ የሚሄድ ልብስ፣ ምንም ያህል ቢያምር፣ አይጓዝም። በእኔ ቤት ይህ ሕግ አንድ የሚያምር ቡናማ ኮት ከነማንጠልጠያው አስቀርቷል፤ ቡናማ ጫማ ይጠይቃል፣ አንድ ጥንድ ጫማ ደግሞ ከኪሎ በላይ ነው።

ባለቤቴ በሙያዋ ከእኔ ይልቅ ትጓዛለች፤ የእሷ ዝርዝር ከእኔም ይቀላል። የማይጨማደድ ጥቁር ቀሚስ፣ ከጉልበት በታች የሚወርድ ጉርድ፣ አንድ ሱሪ፣ አራት ከላይ የሚለበስ፣ ሹራብና ነጠላ። ነጠላዋን ለብቻዋ ማንሳት አለብኝ። አውሮፕላን ውስጥ ብርድ ልብስ ትሆናለች፣ ቤተ ክርስቲያን ስትገባ ትለበሳለች፣ ጅግጅጋ ወይም ሰመራ ፀሐይ ላይ ፀጉር ትሸፍናለች፣ መጋረጃው በማይገጥም የሆቴል ክፍል መስኮት ላይ ትሰቀላለች። ክብደቷ ከአንድ መጽሐፍ አይበልጥም። ለሁሉም የሚሆን የጉዞ ልብስ ፍለጋ ለምን ውጪ ውጪውን እንደምናይ ይገርመኛል።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ሰው በመንገድ ላይ ለማጠብ ፈቃደኛ ሲሆን ነው። ማታ ሸሚዝና ካልሲ በእጅ መታጠቢያው አጥቦ፣ በደረቅ ፎጣ ጠቅልሎ በኃይል መጠምዘዝ። ፎጣው አብዛኛውን ውኃ ይጠጣል። ጋምቤላ ላይ ጠዋት ደርቆ ያድራል። ደብረ ብርሃን በክረምት ጥጥ ከታጠበ ግን ሁለት ቀንም ላይበቃው ይችላል፤ እዚያ የሚታጠበው ቶሎ የሚደርቀው ብቻ ነው። ልብስ ይጠቅለል ወይስ ይተጣጠፍ የሚለው የተለመደ ክርክር ብዙም አያሳስበኝም፤ ካናቴራ ይጠቅለል፣ ሸሚዝ ይተጣጠፍ፣ ኮት ከሻንጣ ከገባም ውስጡ ወደ ውጪ ተገልብጦ ይግባ።

ስለ አክብሮትና ስለ ትንኝ

ልብስ ብርድና ሙቀት ብቻ አይደለም። ቆላ ሄዶ ቁምጣ የሚለብስ የከተማ ባለሙያ አጋጥሞኛል፤ አብረውት የሚሰበሰቡት ሽማግሌዎች ግን ሽርጣቸውንና ሸሚዛቸውን አስተካክለው ነበር የመጡት። ማንም ምንም አላለውም፤ ጥያቄዎቻቸውን ሁሉ ያቀረቡት ግን ለሾፌሩ ነበር። ረጅም እጅጌና ረጅም ሱሪ በአፋርም፣ በሶማሌም፣ በሐረርም ያስከብራል። ለመስጊድና ለቤተ ክርስቲያን ጫማ ስለሚወልቅ ያልተቀደደ ካልሲም የአክብሮት አንዱ ክፍል ነው። ጥቁር ወይም ጥቁር ሰማያዊ ልብስ መያዝ ደግሞ ሌላ ጥቅም አለው፤ መንገድ ላይ ሳለን የባልደረባ ወይም የዘመድ ለቅሶ ቢደርሰን የሚለበስ ነገር አለን።

ረጅም እጅጌ ሌላም ሥራ አለው። ወባ በአብዛኛው ከ2,000 ሜትር በታች ያለ በሽታ ነው፤ ትንኟ የምትናከሰውም በተለይ ከምሽት በኋላ ነው። ቀድሞ የገጠር በሽታ ነው እየተባለ የከተማ ሰው ይዘናጋ ነበር። ነገር ግን በ2016 (እ.ኤ.አ.) ቀብሪ ደሃር ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ በአገራችን የተገኘችው አኖፊለስ ስቴፈንሲ የተባለችው ትንኝ በከተማ የውኃ ማጠራቀሚያዎች ውስጥ የምትራባ ናት። ስለዚህ ድሬዳዋ ሆቴል ውስጥ ነኝ ብሎ በቁምጣ ማምሸት አያዋጣም።

አንድ ነገር ልጨምር። የወታደር ልብስ የሚመስል ዝንጉርጉር ሱሪ ወይም ጃኬት ለፋሽን የሚወድ ሰው ዑጋንዳ፣ ዛምቢያ፣ ዚምባብዌ፣ ጋና ወይም ናይጄሪያ ሲሄድ ቤቱ ይተወው። ለሲቪል ሰው የተከለከለ ነው።

ሻንጣው ባይመጣስ?

ከዓመታት በፊት በጥር ወር አንድ የአውሮፓ ከተማ ደረስኩ፤ ሻንጣዬ ግን አልደረሰም። የአየር መንገዱን ስም ማንሳት አያስፈልግም። ለብሼ የነበረው ጂንስ፣ ካናቴራና ቀጭን ጃኬት ነበር፤ ለምቾት ብዬ። በማግስቱ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ጽሑፍ አቅራቢ ነበርኩ። አንድ ጋናዊ ተሳታፊ ኮቱን አዋሰኝ፤ ሰውዬው ከእኔ በአንድ ራስ ይበልጣል፣ እጅጌው እስከ ጣቶቼ ጫፍ ደረሰ። ወረቀት በገለጥኩ ቁጥር እጄን ፍለጋ ነበር። ሻንጣው በሦስተኛው ቀን መጣ፤ ስብሰባው በሁለተኛው ቀን አልቆ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ነገር አልተውም። አንደኛው፣ ለሥራ ስጓዝ ሥራዬን ልሠራበት የምችለውን ልብስ ለብሼ እሳፈራለሁ። ሁለተኛው፣ በእጅ የምይዘው ቦርሳ ውስጥ አንድ ሸሚዝ፣ አንድ የውስጥ ልብስ፣ ካልሲ፣ ሹራቡና መድኃኒቴ ይገባሉ። ብዙ አየር መንገዶች በእጅ 7 ኪሎ ይፈቅዳሉ፤ ይህ ሁለት ኪሎ አይሞላም። ከ2006 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ በብዙ አየር ማረፊያዎች ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ የሆነ ሎሽንና ሽቶ በእጅ ይዞ ማለፍ ስለማይቻል ትልቁ ጠርሙስ ወደ ሻንጣ ይሂድ።

ሻንጣ ቢጠፋ ከአየር ማረፊያው ሳይወጡ ማስመዝገብና ወረቀቱን መያዝ ያስፈልጋል። በ1999 (እ.ኤ.አ.) በወጣው የሞንትሪያል ስምምነት መሠረት ለተበላሸ ሻንጣ በ7 ቀን ውስጥ፣ ለዘገየ ሻንጣ ደግሞ ከተረከቡበት ቀን ጀምሮ በ21 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ማመልከት ይቻላል። በመሐሉ ለገዙት ሸሚዝ ደረሰኝ ይያዙ። እኔ ያኔ ይህን አላውቅም ነበርና ከኪሴ ከፍዬ ዝም አልኩ።

ወደ በርበሬው ልመለስ። ልብሱ 8 ኪሎ ከሆነ ከ23ቱ ላይ ሻንጣው ራሱ ሦስት ወይም አራት ኪሎ ወስዶ ከአሥር ኪሎ በላይ ይተርፋል። በርበሬ በሁለት ድርብ ላስቲክ ታሽጎ፣ አየሩ ወጥቶ፣ ከልብሱ ተለይቶ ይቀመጥ፤ አንዴ የተበተነበት ነጭ ሸሚዝ መቼም አይነጣም። ቋንጣና ቅቤ ግን ወደ አውሮፓ ኅብረት አገሮች በመንገደኛ ሻንጣ ማስገባት ክልክል ነው፤ አሜሪካም ሥጋ አታስገባም። የማያውቁት ሰው “ለልጄ አድርስልኝ” ያለውን የታሸገ ዕቃ ደግሞ ይሉኝታ ሳይዝዎት ፊቱ ፈትተው ይዩት፤ ካልፈቀደ ይቅር።

በመጨረሻው የጄኔቭ ጉዞዬ ሻንጣዬ 22 ኪሎ ተኩል መዘነ፤ ወለል ላይ አልከፈትኩትም። የጎረቤታችን ልጅ ስድስት ኪሎ በርበሬና ሽሮዋን፣ አንድ የድሮ ጓደኛዬ ቡናውን ተቀበሉ። በሚቀጥለው ሳምንት ጎዴ ነኝ። ካፖርቱን አስቀምጬ በቦታው አጎበር አስገብቻለሁ፤ ሌላው እንዳለ ነው።